አይጥ የማይገባበት ቤት

ሮቤ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች ፊት ለፊት፣ በገበያ ቀን የምትቀመጥ አንዲት ሴት አለች። የምትዘረጋው ነገር ለማያውቃት ሰው ሸቀጥ አይመስልም። በጠባቡ የተቆራረጠ ቆርቆሮ፣ ጥቅል ወንፊት ሽቦ፣ የድስት መፋቂያ ብረት፣ በፌስታል የተቋጠረ ሲሚንቶ፣ በጣሳ የተሞላ ስባሪ ጠርሙስ። ስሟ ጁሀራ ነው፤ ዕድሜዋ ሃምሳ አራት። ከተማው የሚያውቃት ግን "ጁሀራ ሀንቱታ" ብሎ ነው። ሀንቱታ በኦሮምኛ አይጥ ማለት ነው። ፊቷ ቆሞ እንዲያ የሚላት የለም። ዞር ስትል እንደሚባል ግን ታውቃለች፤ አንዳንዴ ሴቶች "ሀንቱታ መጣች" ተባብለው ሲሳሳቁ ይሰማታል። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ሥራዋ የአይጥ ቀዳዳ መድፈን ነው። የሚያስጠሯት ባብዛኛው ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ናቸው። ባሌ ላይ ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጨዳል፤ በልጉም አለ መኸሩም አለ። ኮምባይነሩ ማሳውን ላጭቶት ሲወጣ አይጡ መደበቂያ ያጣና ወደ ከተማ ይሰደዳል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሮቤ ኮርኒስ ሁሉ ይንኮሻኮሻል። አገሩን ያልለመደው ሰው ሮጦ መርዝ ይገዛል። አይጡ ኮርኒስ ውስጥ ሞቶ ቤቱን ያገማበታል፤ የጎረቤት ድመት የተመረዘ አይጥ በልታ ትሞትና ከጎረቤት ይቀያየማል። "ጁሀራን ጥራት" የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ጁሀራ ሰው ቤት እንደገባች ምንም አትነካም። ጫማዋን አውልቃ፣ ጎንበስ ብላ የግድግዳውን ግርጌ እየተከተለች ቤቱን ትዞራለች።

"አይጥ እንደኛ በመሀል ሜዳ አይሄድም" ትላለች። "ግድግዳ እየታከከ ነው። ጺሙ ግድግዳ ካልነካ ልቡ አይረጋም።"

ግድግዳው ላይ የጠቆረ መስመር ካየች ጠጉሩ ሲመላለስ ያስቀረው እድፍ መሆኑን ታውቃለች። በጠጡን በእንጨት ጫፍ ጫን ትለዋለች፤ ለስልሶ የሚያብለጨልጭ ከሆነ የዛሬ ነው፣ ደርቆ ከተፈረከሰ ባለቤቱ ሄዷል። ከዚያ በግድግዳው ሥር ስስ ዱቄት ነስንሳ ትሄድና በማግስቱ ጠዋት ተመልሳ ዱካውን ታነባለች። ከየት ወጣ፣ ወዴት ገባ፣ ስንት ናቸው፣ ትንሿ አይጥ ናት ወይስ ትልቁ አይጠ መጎጥ፤ ሁሉንም ከዱቄቱ ላይ ታገኘዋለች። ትንሿ አይጥ አዲስ ነገር ስታይ ሄዳ ካላሸተተች አያስችላትም፤ ወጥመድ በዚያው ቀን ይይዛታል። አይጠ መጎጥ ግን ተጠራጣሪ ነው፤ ወጥመዱን ሳያጠምዱ ምግብ እያኖሩ ሳምንት ማለማመድ ያስፈልጋል። ደንበኞቿ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል።

"ትንሽ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አትናቁ" ትላቸዋለች። "ጭንቅላቷ ከገባ ሌላው አካሏ ይከተላል። ይቺ አንዷ ሴቲቱ ብትሆን በሃያ ቀኗ አምስት ስድስት ትወልድላችኋለች። የዛሬ ሁለት ወር ልጆቿም እናቶች ናቸው።"

ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራትም። የተማረችው የራሷን ቤት ስትሠራና ስትጠብቅ ነው። ያ ቤት አሁን የሷ አይደለም።

ጁሀራ የገሰራ ወረዳ ልጅ ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ኡመር የሚባል ሰው አገባች፤ የሰው ኮምባይነር እየነዳ ከማሳ ማሳ የሚዞር፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ በእጁ አፉን የሚሸፍን ሰው ነበር። ልጅ አልወለዱም። በልጅ ፈንታ የኡመርን ታናሽ ወንድም ዘይነዲንን አሳደጉ። ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ነው ወደነሱ የመጣው። የትምህርት ቤት ልብሱን ያጠበችለት፣ የጆሮ ሕመም ሲያስለቅሰው በጀርባዋ አዝላ ጤና ጣቢያ የሄደች እሷ ናት። ተምሮ ሮቤ ላይ የቢሮ ሥራ ያዘ። በኋላ እነሱም ተከትለውት ሮቤ ገቡ።

ለቤት መሥሪያ ቦታ ሲመራ ኡመር አጨዳ ላይ ነበር። ዘይነዲን "ቀኑ እንዳያልፍ በኔ ስም ላውጣው፣ በኋላ እናዛውረዋለን" አለ። ወንድም ነው፤ ማን ይጠረጥራል? ቤቱን ኡመርና ጁሀራ በሦስት ዓመት ሠሩት። ድንጋዩን በጀርባዋ ተሸክማለች፣ ሲሚንቶውን በእግሯ አቡክታለች። በመጨረሻው ዓመት ኡመር ጉበቱን ታመመና አቅማቸው አለቀ። የቀረው የኩሽናው የኋላ ማዕዘን ብቻ ነበር። እሱን በጭቃና በጭድ መረገችው። ኡመር በትሩን ተደግፎ እያያት፣ "ሲሻለኝ አፍርሰን በሲሚንቶ እንሠራዋለን" አላት። አልተሻለውም።

አርባው ካለፈ በኋላ ዘይነዲን ሽማግሌ ላከ። እንደ አገሩ ደንብ የሟች ወንድሙን ሚስት ሊወርስ ነው፤ ሁለተኛ ሚስት ሆና እዚያው ቤቷ ትኑር። ጁሀራ መልእክቱን የሰማች ቀን መጀመሪያ የሳቀች መሰላት፤ ቀጥሎ ግን እንባዋ መጣ። "ያዘልኩትን ልጅ አላገባም" አለች። ከዚያ በኋላ ነው የካርታው ነገር የወጣው። የመስጊዱ ሼኽ "ልጅ ስለሌለ ከባልሽ ንብረት ሩቡ ያንቺ ነው" አሏት። ዘይነዲን ወረቀቱን አውጥቶ አሳየ። ቤቱ የኡመር አይደለማ! ከሌለ ንብረት ሩብ አይነሳም። ሽማግሌዎቹን የመሩት ኦቦ ማሜ የሚባሉ የተከበሩ ሰው ነበሩ። የቤት ዕቃዋንና አንዲት ላም ይዛ እንድትወጣ፣ ዘይነዲንም እንዳይቀየማት ብለው አስማሙ። ጁሀራ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አተመች። ላሚቱ በዓመቷ ሞተች።

ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት ሆነው። በነዚያ ስምንት ዓመታት ጁሀራ ያንን ቅያስ ረግጣው አታውቅም። ገበያ ስትሄድ በላይ በኩል ዞራ ነው።

ባለፈው የመኸር አጨዳ ማግስት አንዲት ወጣት ሴት ልጅ አዝላ ከፊቷ ቆመች። ነጭ ጋዋኗን ከሹራቧ በታች እንደለበሰች ነው።

"እማማ ጁሀራ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ ልጄ፤ ተቀመጪ።"

"ሀይማኖት እባላለሁ፤ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። አገሬ ጎጃም ነው። ባለቤቴ ገሰራ ያስተምራል፤ ቅዳሜና እሁድ ካልሆነ አይመጣም።" ሕፃኑን ከጀርባዋ አወረደችና የግራ እጁን አሳየቻት። አመልካች ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። "ፍስሐ ሰባት ወሩ ነው። አልጋው ላይ ተኝቶ ነከሰችው። ጩኸቱን ሰምቼ ስሮጥ ከብርድ ልብሱ ሥር ዘላ ወጣች።"

"ጣቱ ወተት ነክቶት ነበር?"

ሀይማኖት ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ጡጦውን ይዞ ነው የተኛው።"

"በክፋት አይደለም የነከሰችው፤ የወተቱ ሽታ ነው የጠራት" አለች ጁሀራ፤ የሕፃኑን እጅ እያገላበጠች። "ቤትሽ የት ነው?"

"ከመስጊዱ ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ቅያስ። አረንጓዴ በር ያለው፣ የሀጂ ዘይነዲን ቤት።"

ጁሀራ የሕፃኑን እጅ ለቀቀች። ቆርቆሮዎቿን ያለ ምክንያት አንድ በአንድ ደረደረቻቸው።

"እዚያ አልሠራም።"

"ለምን እማማ?"

"ሩቅ ነው።"

ከተቀመጡበት እስከዚያ ድረስ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ሀይማኖት ግራ ገብቷት ተነሣች። ልጁን መልሳ ልታዝል ስትታገል ፋሻው ማዘያው ላይ ተያዘና ሕፃኑ ጮኸ። ሴትየዋ ሦስት እርምጃ ያህል እንደሄደች ጁሀራ ጠራቻት።

"ነገ ጠዋት እመጣለሁ። እስከዚያ የልጁን እጅና አፍ አጥበሽ አስተኚው። አልጋውንም ከግድግዳ አርቂው።"

በማግስቱ አረንጓዴው በር ሲከፈት ጁሀራ ቢስሚላህ ብላ ገባች። ግቢው ውስጥ የተከለቻት ኮሽም ተቆርጣለች። ሳሎኑ በቺፑድ ተከፍሎ ሁለት ክፍል ሆኗል፤ በአንደኛው ሀይማኖት ትኖራለች። ኩሽናው ያው ነው። መኝታ ቤቱ፣ ኡመር ያረፈበት ክፍል፣ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

"ያ ክፍል ምንድን ነው?"

"ሀጂ ስንዴ ያስቀምጡበታል። እኛ አንገባበትም።"

ጁሀራ ጆሮዋን በሩ ላይ አስደግፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ በጠጡን፣ ቺፑዱን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ኮርኒሱን የበሳበትን ሁሉ አየች። ኩሽና ስትደርስ ግን መፈለግ አላስፈለጋትም። ቀጥ ብላ ወደ ኋለኛው ማዕዘን ሄደችና የተደገፈውን ጆንያ አነሣችው። ጭቃው ተሰነጣጥቆ፣ ጭዱ ተመዞ፣ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል።

"እንዴት አወቁት?" አለች ሀይማኖት። "እኔ ስድስት ወር ኖሬ አላየሁትም።"

"እኔ ነኝ የመረግኩት።"

ሀይማኖት መጀመሪያ ከዚህ በፊት ለሥራ መጥታ የመረገችው መሰላት። ጁሀራ ጀርባዋን እንደሰጠቻት፣ ጭቃውን በጣቶቿ እየቀረፈች፣ በአጭሩ ነገረቻት። ድምጿ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ይመስል ነበር። ሀይማኖት ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ቀላ።

"እኔ ሳላውቅ ነው የገባሁት... ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።"

"ልጅ ይዘሽ የት ትሄጃለሽ? አንቺ ምን አጠፋሽ? ይልቅ ባለቤቱን ጥሪው። ያ ስንዴ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ እስካለ ድረስ የኔ ድፈና ሳምንት አይቆይም። ምግባቸውም አልጋቸውም እዚያ ነው።"

ዘይነዲን ከሰዓት በኋላ መጣ። ሆዱ ገፍቷል፣ ጺሙ በሂና ቀልቷል። ጁሀራን ሲያያት አልደነገጠም፤ ወይም አልደነገጠም መሰለ።

"አሰላሙ አለይኩም ጁሀራ! አካም? ፈያዳ? ዓይንሽ ጠፋ እኮ!"

"ወአለይኩም ሰላም።"

"አንቺ ነሽ እንዴ የምትደፍኚው? ማሻ አላህ። የቤተሰብ እጅ ይሻላል።"

"ስንዴውን አውጣው" አለችው። "አለዚያ ትርፉ ድካም ነው።"

"አሁንማ አይወጣም፤ ዋጋው ክረምት ላይ ነው የሚጨምረው።" ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። "ሌላ መላ ካለሽ ግን እይው።"

በሩ ሲከፈት የአይጥ ሽንት ሽታ ፊቷን መታት። ኡመር የተኛበት ቦታ ላይ ጆንያ እስከ ኮርኒሱ ተከምሯል። የታችኞቹ ተቀደው ስንዴው ወለሉ ላይ ፈሷል። ከጆንያዎቹ መሀል አንዷ ብቅ ብላ አየቻቸውና ተመልሳ ገባች። ጁሀራ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ማየት የማትፈልገውን ትታ ማየት ያለባትን ብቻ አየች።

"ሠራተኛ አምጣ። ጆንያው ሁሉ ይነሣ፣ የፈሰሰው ይጠረግ። ከዚያ ጣውላ ተረብርቦ ላዩ ላይ ይደርደር፤ ከመሬት ክንድ፣ ከግድግዳ ክንድ ይራቅ። መደበቂያ ካጣች እዚህ አትቀመጥም። ግርጌውን እኔ በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ።"

ዘይነዲን አሰበና ሳቀ። "ቶሌ፣ እሺ፤ ለኔም ይጠቅመኛል፤ አምናም ሁለት ኩንታል በልተውብኛል። ላንቺ ምን ልክፈልሽ?"

"ካንተ ምንም አልቀበልም። የምሠራው ለሕፃኑ ነው።"

"አላህ ይስጥሽ" አለና ሄደ። በስምንቱ ዓመት ውስጥ፣ አንድ ቀን ቢገናኙ ምን እንደምትለው ብዙ ጊዜ አስባ ነበር። እንደዚያ በቀላሉ መርቋት ሲሄድ ግን ወደ ኩሽናው ተመልሳ ጭቃውን መቅረፍ ቀጠለች።

ሠራተኞች መጥተው ስንዴውን ጣውላ ላይ ሲደረድሩ፣ እሷ አራት ቀን ሠራች። ማዕዘኑን እስከ መሠረቱ አፈረሰችው። ጭቃው ውስጥ የጭዱን አገዳ ስታገኝ ራሷ የከተፈችው መሆኑን እያወቀች ወረወረችው። ወንፊት ሽቦ አጥፋ ከተተች፣ በላዩ ስባሪ ጠርሙስ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ሞላች፣ ድንጋይ ደረበች፣ ለሰነች። የበሩን ሥር በቆርቆሮ ገጠመች። በቧንቧውና በሽቦው ዙሪያ የድስት መፋቂያ ብረት ጠቀጠቀች፤ አይጥ እሱን ስትነክስ ድዷን ይወጋታል። ቺፑዱን ከግርጌው በላሜራ አሰረች። በመጨረሻ ውስጥ የቀሩትን በስምንት ወጥመድ በሦስት ቀን ለቀመቻቸው፤ ሃያ ሰባት ነበሩ። ከሰው ቤት ሁሉ አብልጣ ነው ያንን ቤት የሠራችው። ለምን እንደሆነ ራሷንም አልጠየቀችም። እጇ ሌላ ዓይነት ሥራ እምቢ አላት።

በሁለተኛው ሳምንት ዱቄቱ ተነስንሶ አደረ፤ አንድ ዱካ አልነበረበትም። ሀይማኖት ሕፃኑን አዝላ፣ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ የገላ ሳሙና ይዛ ገበያ መጣች። ፋሻው ተፈቷል። ልጁ የጁሀራን ነጠላ ይዞ አልለቅም አለ። ያን ቀን ጁሀራ ቀደም ብላ ገብታ፣ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ሻይ አፍልታ ብቻዋን ስትጠጣ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተሰማት ዓይነት ደስታ ተሰማት። "ቢያንስ ሰው የሚኖርበት ቤት ሆነ" አለች ለራሷ።

ይህ የቆየው ሰባት ሳምንት ነው።

በስምንተኛው ሀይማኖት ብቻዋን መጣች። ፊቷ በልቅሶ አብጧል።

"ውጪ አሉኝ እማማ።"

"ማን?"

"ሀጂ። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች መጥተው አዩት፤ ሦስት ሆነው ሊከራዩት ነው። እኔ የምከፍለውን እጥፍ ይሰጣሉ። 'ባለፈው ዓመት ስንመጣ አይጥ አለው ብለን ትተነው ነበር፣ አሁን ግን መደፈኑን ሰምተናል' ሲሏቸው በጆሮዬ ሰማሁ። እሳቸውም ዞረው ቀዳዳ የተደፈነበትን አንድ በአንድ አሳዩአቸው። 'የወንድሜ ሚስት ናት የሠራችው' እያሉ።"

ጁሀራ የያዘችውን ቆርቆሮ አስቀመጠች።

"ሮቤ ላይ ከደመወዜ ጋር የሚስማማ አላገኘሁም። ጎባ አንድ ክፍል አግኝቻለሁ። እየተመላለስኩ እሠራለሁ።"

"መቼ ነው የምትወጪው?"

"እሁድ።"

አርብ ዕለት ጁሀራ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መስጊዱ ሄደች። ጁምዓ አልቆ ሰው ሲወጣ በሩ አጠገብ ቆመች። ዘይነዲን ከኦቦ ማሜና ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር እየተጨዋወተ ወጣ። እሷ አፏን ሳትከፍት በፊት እሱ አያትና ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ይቺን ሴት አያችኋት? ብር ሳትጠይቀኝ፣ በገዛ እጇ የወንድሜን ቤት ደፍናልኛለች። ዛሬ አንድ አይጥ ዝር አይልበትም። ጀዛኪላሁ ኸይር፣ ጁሀራ! አላህ ጀነት ቤት ይሥራልሽ!"

"ኣሚን" አሉ ሽማግሌዎቹ። "ኣሚን" አሉ ከኋላ የሚወጡትም።

"የማንን ቤት አልክ?" አለች ጁሀራ።

"ምን?"

"'የወንድሜን ቤት' አልክ። እነዚህ ሁሉ ሰምተዋል። ኦቦ ማሜ፣ እርስዎም ሰምተዋል። የዛሬ ስምንት ዓመት የወንድሜ አይደለም ብሎ ነው ያስወጣኝ። አሁን በአፉ የወንድሜ አለ።"

ዘይነዲን ፈገግ ብሎ እጁን አወናጨፈ። "ኧረ በአላህ! አፍ ያመጣው ቃል ነው እንጂ..."

"ያቺ ጎጃሜ ልጅ ከነሕፃኗ እንዳትወጣ ብዬ ነው የመጣሁት" አለች ጁሀራ። "ለሷ ብዬ ነው የደፈንኩት። አንተ ተከራይ እንድትመርጥበት አይደለም። ኦቦ ማሜ፣ እርስዎ ይፍረዱ።"

ኦቦ ማሜ መቁጠሪያቸውን እያዞሩ ቀረቧት። ፊታቸው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ያዘነላት ይመስላል። "ጁሀራ፣ ሰውየው ዱዓ አደረገልሽ፣ እኛም ኣሚን አልን። በዱዓ መሀል ጠብ አይነሣም። ያለፈውን ፈርመሽበታል። ቤቱን ለፈለገው ማከራየት ደግሞ የባለቤቱ መብት ነው። ሂጂ ልጄ፣ አጅርሽን፣ ከአላህ የምታገኚውን ዋጋ፣ አታበላሺ።"

የቆመው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ትክክል እንደተናገሩ ሁሉም ተሰማው። ጁሀራ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ግማሾቹ ቤታቸውን የደፈነችላቸው ናቸው። ማንም ዓይኑን አላነሣም። ነጠላዋን ሰብስባ መንገዷን ያዘች። በዚያን ቀን በላይ በኩል አልዞረችም፤ በአረንጓዴው በር ፊት አለፈች። ገና እሁድ ሳይደርስ አስተማሪዎቹ ፍራሽ እያስገቡ ነበር።

ሀይማኖት ከወጣች ከአሥር ቀን በኋላ ደወለች። የጎባው ክፍልም አይጥ አለው። ጎባ ብርዱ ከሮቤ ይብሳል፤ አይጥ ደግሞ ሙቀት ባለበት ነው የሚሰበሰበው። ጁሀራ ዕቃዋን ይዛ በሚኒባስ ሄደች። አከራይዋ ሙለታ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። በሩን ከፍተው፣ የያዘችውን አይተው ደስ አላቸው።

"ግቢ፣ ግቢ። ስምሽን ሰምቻለሁ። ደህና አድርገሽ ድፈኚልን፤ ቤት ሲሻሻል ደስ ይላል።"

ጁሀራ ክፍሉን ዞራ ሦስት ቀዳዳ አገኘች። አንዱ ከበሩ ሥር፣ አንዱ ቧንቧው በገባበት፣ አንዱ ከሶኬቱ ጀርባ። ከሰዓት በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። ጎንበስ ካለችበት ቀና አለች።

"አባቴ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ወረቀት ይፈርሙልኝ።"

"የምን ወረቀት?"

"ይቺን ልጅ ሁለት ዓመት ላያስወጧት፤ ኪራይም ላይጨምሩባት።"

ሰውየው መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቁ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። "በገዛ ቤቴ? አይጥ ለመድፈን ውል? ደግሞ ምን ይመጣል!"

ሀይማኖት ደንግጣ የጁሀራን ክንድ ያዘች። "እማማ ይተዉት፣ በእመቤቴ። እንዳይከፋቸው። ገና ገብቼ ነው።"

ጁሀራ ሀይማኖትን አየቻት፣ ሰውየውን አየቻቸው። ከዚያ ሲሚንቶውን መልሳ ቋጠረችው። የሕፃኑን አልጋ ከግድግዳው ሳበች። በአራቱ እግሮች ዙሪያ እንደ ተገለበጠ ጽዋ ቆርቆሮ ገጠመች፤ ልሙጥ ብረት ላይ አይጥ መውጣት አይሆንላትም። ብርድ ልብሱ መሬት እንዳይነካ ጠቀለለችው። ዱቄቱንና የሕፃኑን ምግብ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አስገባች። ሦስቱን ቀዳዳ አልነካችም። በሕይወቷ ሙሉ ሥራ በጅምር ትታ አታውቅም።

ሀይማኖት እስከ በሩ ሸኘቻት።

"ቀሪውን መቼ ይመጣሉ?"

"ሲፈርሙ።"

"አይፈርሙም እኮ እማማ።"

"አውቃለሁ" አለች ጁሀራ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ወደ ሮቤ ሲወርዱ ጎኗ የተቀመጠችው ሴት ስለ ብርዱ ብታወራትም አልሰማቻትም። ከሦስቱ አንዱ፣ ከሶኬቱ ጀርባ ያለው፣ ከትንሽ ጣት አይሰፋም ነበር። አንድ ማንኪያ ሲሚንቶ ይበቃው ነበር።